የሙቀት ካሜራና የከሰል ማዕድን ማውጫ እሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሙቀት ካሜራ በእርግጥ እሳት ይከላከላል?

ካሜራው አይከላከልም፤ የሚከላከለው የጋለውን ሮለር፣ ማለትም የከሰል ማጓጓዣ ቀበቶው የሚሮጥበትን ተሽከርካሪ ቱቦ፣ ፈትቶ የሚቀይረው ሰው ነው። ካሜራው የሚሰጠው ጊዜ ነው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎች የሚጮኹት አንድ ነገር መንደድ ወይም መጨስ ከጀመረ በኋላ ነው። ሮለሩን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ እየሞተ ሲሄድ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ቀናት ሲቀሩት፣ ከጎረቤቶቹ በላይ መሞቅ ይጀምራል። ያንን ልዩነት ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ያየዋል። ከፍተሻው በኋላ ሮለሩ ካልተቀየረ ግን የቀረው ሥዕል ብቻ ነው።

ከመሬት በታች እሳት የሚነሣው ከየት ነው?

በከሰል ማዕድን ዋና ዋናዎቹ ምንጮች የማጓጓዣ ቀበቶ ፍትጊያ፣ የኤሌክትሪክ ብልሽት፣ የናፍጣ ማሽኖች፣ ብየዳና መቁረጥ፣ እንዲሁም በራሱ የሚሞቅ ከሰል ናቸው። እዚህ ገጽ ላይ በቀበቶው ላይ ብዙ የምንቆየው በሁለት ምክንያት ነው። ቀበቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሚረዝም ሁሉን ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የለም፤ በዚያ ላይ የሚቃጠለው ነገር፣ ማለትም ጎማውና ከሰሉ፣ ከሚፋጨው ብረት ጋር አብሮ ይገኛል።

በእንግሊዝ ክሬስዌል መስከረም 26 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. 80 ሰው የሞተበት እሳት የተነሣው ቀበቶ ከቀበቶ በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ በተጎዳ ቀበቶ ፍትጊያ ነበር። እሳትን የሚቋቋም ቀበቶ በስፋት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ በአራኮማ አልማ ማዕድን ጥር 19 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. የተነሣው እሳት ደግሞ መስመሩን ስቶ ከሚሸከመው የብረት አካል ጋር የተፋጨ ቀበቶ ያመጣው ነው። አየሩን የሚከልሉ ግድግዳዎች ፈርሰው ስለነበር ጭሱ ወደ ማምለጫው መተላለፊያ ገባ፣ ሁለት ሠራተኞችም ሞቱ። እንዲህ ባለ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው።

ቀበቶው እሳት የሚቋቋም ከሆነ ለምን እንጨነቃለን?

«የሚቋቋም» ማለት «የማይቃጠል» ማለት ስላልሆነ ነው። ፈተናውን ያለፈ ቀበቶ የለኮሰው ትንሽ ነበልባል ከላዩ ሲወገድ እሳቱ በራሱ ይጠፋል። ከሥሩ የተከመረ ደቃቅ ከሰል ተቀጣጥሎ ከያዘው ግን አብሮ ይነድዳል።

የተጣበቀ ሮለር እንዴት እሳት ይሆናል?

ሮለር በሁለት ኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር የብረት ቱቦ ነው። ውሃና ደቃቅ ከሰል በማሸጊያው ሾልኮ ሲገባ ግሪሱ ይበላሻል፣ ኩሽኔታው መንጫጨት ይጀምራል። ቀጥሎ ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ቀለበት ይሰበራል። ኳሶቹ አንድ ቦታ ተጠራቅመው ሮለሩ አንዴ ሲዞር አንዴ ሲቆም ይቆያል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። በአንደኛው ሮለሩ ጨርሶ ይቆምና ቀበቶው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ቱቦው በአንድ ጎኑ እየሳሳ ሄዶ ይቀደዳል፣ ጠርዙም እንደ ቢላዋ ቀበቶውን ይልጠዋል። በሁለተኛው ሮለሩ መዞሩን አይተውም፤ ኩሽኔታው ግን ስለፈረሰ ቱቦው በዘንጉ ላይ ብረት ለብረት እየተፋጨ ጫፉ እስኪቀላ ድረስ ይግላል። ብዙ ሰው የሚፈራው የቆመውን ነው፣ ምክንያቱም በዓይን ይታያል። እየዞረ የሚግለው ግን በዓይን ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ካሜራው ከሁሉ በላይ ወጪውን የሚመልሰውም እሱን ሲያገኝ ነው።

ትኩስ ሮለር ብቻውን እሳት አይሆንም። ሥሩ ደቃቅ ከሰል ተከምሮ እስኪነካው ድረስ ከፍ ሲል ክምሩ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይይዘውና መጋም ይጀምራል። ስለዚህ በካሜራ ሲፈተሽ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ሮለሩ ሥር ያለውን ክምርም መመዝገብ ያስፈልጋል።

ፍተሻው ቀበቶው እየሠራ ነው ወይስ ቆሞ?

ሁለቱም፤ የሚፈለገው ነገር ግን የተለያየ ነው። ቀበቶው ጭነት ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ሲፈተሽ ደካማ ኩሽኔታ ይታያል። ባዶውን የሚሮጥ ቀበቶ ኩሽኔታውን ስለማያስጨንቀው ብዙ ብልሽት ይደብቃል።

ሁለተኛው ፍተሻ ቀበቶው ከቆመ በኋላ የሚደረገው ነው፤ ብዙ ቦታ የሚዘለለውም እሱ ነው። ቀበቶው በሚሮጥበት ጊዜ እያንዳንዱ ክፍሉ ትኩሱን ሮለር ለቅጽበት ነክቶ ያልፋል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። ሲቆም ግን አንዱ የቀበቶ ክፍል ትኩሱ ሮለር ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ሙቀቱም መሄጃ ያጣል። የሥራ ፈረቃው አልቆ ሰው ወደ ላይ እየወጣ ያለበት ሰዓትም ይኸው ነው። ስለዚህ ቀበቶው በቆመ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንቀሳቀሻው፣ የጭነት መገልበጫ ቦታዎቹና ቀደም ሲል የተመዘገቡ ትኩስ ሮለሮች እንደገና መታየት አለባቸው።

አንድ ኪሎ ሜትር ቀበቶ እንዴት ይፈተሻል?

መጀመሪያ ብዛቱን እናስብ። ከላይ በየ1.2 ሜትሩ ሦስት ሦስት ሮለር ቢኖር 2,500 ሮለር ይሆናል። ከታች በመመለሻው በኩል በየ3 ሜትሩ አንድ ቢኖር ሌላ 330 ይጨመራል። እያንዳንዱ ሁለት ኩሽኔታ ስላለው ከ5,600 በላይ ኩሽኔታ ማለት ነው። እያንዳንዱን ለይቶ መለካት የማይታሰብ ነው፤ የሚደረገው እየሄዱ ማነጻጸር ነው።

ካሜራው ከመሬት በታች ገብቶ 15 ደቂቃ ያህል በርቶ ይቆይ። ቀጥሎ የሙቀት ሚዛኑ፣ ማለትም ሥዕሉ በቀለም የሚያሳየው የዲግሪ ክልል፣ በእጅ ይወሰን፤ ለምሳሌ አየሩ 22 ዲግሪ ከሆነ ከ15 እስከ 60 ዲግሪ። የሮለር ጫፍ ላይ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ዒላማ ይሆናል፤ የቱቦው መሐል አይደለም። በዝግታ እየተሄደ መጀመሪያ የላዮቹ፣ ከዚያ ጎንበስ ተብሎ የታችኞቹ ይታያሉ። የታችኞቹ ለወለሉ ቅርብ ስለሆኑ የፈሰሰ ከሰል ቶሎ የሚነካቸው እነሱ ናቸው። መሄጃ መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የማዶው ጫፍ ይረሳል። መሻገሪያ ድልድይ ባለበት ሁሉ ተሻግሮ ማየት፣ መሻገሪያ ከሌለ ደግሞ በቀበቶው ሥር አሻግሮ ማየት ግድ ነው። በሚሮጥ ቀበቶ ላይ መንጠራራት ወይም ካሜራ ይዞ እጅን ወደ ውስጥ መስደድ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ከዚያ ማንቀሳቀሻው ይከተላል። ቀበቶው ፑሌጃው (ቀበቶውን የሚጎትተው ትልቅ ከበሮ) ላይ የሚንሸራተት ከሆነ መላ የፑሌጃው ፊት ይሞቃል። በአንድ ጠርዝ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ቀበቶው መስመሩን ስቷል። የሞተሩ፣ የማርሹ ሳጥንና የፍሬኑ ሙቀትም በዚሁ ጊዜ ይመዘገባል።

ስንት ዲግሪ ሲደርስ ነው አደጋ የሚባለው?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ የሚሻለው ንጽጽር ነው። በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ ያሉ ሮለሮች ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ከጎረቤቶቹ በ10 ዲግሪ ከበለጠ ቁጥሩ ተጽፎ በየፈረቃው ይታያል። በ20 ዲግሪ ከበለጠ በሚቀጥለው ጥገና ይቀየራል። ከ40 በላይ ከሆነ ቀበቶው ቆሞ አሁኑኑ ይቀየራል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ማዕድን ከራሱ መዝገብ እያየ ያስተካክላቸዋል።

ከንጽጽሩ ሌላ ጣሪያም አለ። ለከሰል ማዕድን በሚሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ዓለም አቀፉ መለኪያ፣ የከሰል ብናኝ ሊተኛበት የሚችል ገጽ ከ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳያልፍ ያዛል። ብናኝ የማይደርስበት ከሆነ እስከ 450 ይፈቅዳል። የልዩነቱ ስፋት ራሱ ብናኝ ምን ያህል ነገሩን እንደሚለውጠው ያሳያል። 150 ደርሶ የተገኘ ሮለር «ይታያል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብም ሮለር ወይም ሌላ የቀበቶ ክፍል የእሳት ስጋት በሚሆንበት መንገድ ከተበላሸ ወዲያው እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር፣ ቀበቶውም ከአካሉ ጋር እንዳይፋጭ ተስተካክሎ እንዲያዝ ያስገድዳል።

ካሜራው የሚያብረቀርቀውን ሮለር ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያሳየው ለምንድን ነው?

ካሜራው የሚያየው ከገጹ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት። አንድ ገጽ ይህን ጨረር የመልቀቅ አቅሙ ኢሚሲቪቲ ይባላል፣ ከ0 እስከ 1 ይለካል። ጎማና ከሰል 0.95 አካባቢ ናቸው፤ የዛገ ብረት 0.8 ገደማ ይሆናል። ቀበቶው ሲፈትገው የኖረ፣ እንደ መስታወት ያበራ ቱቦ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ የራሱን ሙቀት ትቶ የአካባቢውን ያንጸባርቃል። የመርማሪው የራሱ ሰውነት ወይም በላይ ያለ ትኩስ መብራት ሮለሩ ላይ እንደ «ትኩስ ነጥብ» ሊታይ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብናኝ የያዘውን ወይም ቀለም የተቀባውን የጫፍ ክዳን መለካት። ቦታ ቀይሮ እንደገና ማየት፤ ትኩሱ ነጥብ ከሰው ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ነጸብራቅ ነው፣ በቦታው ከቀረ እውነተኛ ሙቀት ነው። በቋሚነት በሚለኩ ቦታዎች ላይ ማሽኑ በቆመበትና በተቆለፈበት ጊዜ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ መለጠፍ ወይም ደብዛዛ ጥቁር ቀለም መቀባትም ይረዳል፤ ሁለቱም ከ0.95 ብዙ አይርቁም።

ምን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ መለካት ይቻላል?

320 በ240 ነጥብ ያለው፣ 25 ዲግሪ የሚከፍት ሌንስ የያዘ ካሜራ በ10 ሜትር ርቀት ላይ አንዱ ነጥብ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የታመነ ልኬት ለማግኘት ቢያንስ ሦስት በሦስት ነጥብ ያስፈልጋል፣ ይህም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ዒላማው ከዚያ ካነሰ ካሜራው ከጀርባው ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር አቀላቅሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ለኩሽኔታ 5 ሜትርና ከዚያ በታች መቅረብ ይሻላል። ከሩቅ «አንድ ነገር ሞቋል» ማለት ይቻላል፤ «62 ዲግሪ ነው» ማለት ግን አይቻልም።

ካሜራው ሰውን የሚያሳስተው በምን በምን ነው?

ዋናው በራሱ የሚስተካከል ሚዛን ነው። ሁሉም ነገር ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለበት ቦታ ካሜራው 24ቱን ነጭ አድርጎ ያበራዋል፣ ጀማሪው ይደነግጣል። ቀጥሎ 200 ዲግሪ የሆነ ነገር በሥዕሉ ሲገባ ደግሞ 50 ዲግሪ የሆነው ሮለር ጥቁር ሆኖ ይጠፋል። ሚዛኑ በእጅ ይያዝ የተባለው ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛ ካሜራ ይዞ ሞቃትና እርጥብ ወደሆነው የአየር መመለሻ (ያገለገለው አየር ወደ ውጭ የሚወጣበት መተላለፊያ) መግባትም ሌንሱን ጤዛ ያስይዘዋል። ሥዕሉ ደብዛዛ ሲሆን ትኩረቱ የተበላሸ ይመስላል፤ ካሜራው እስኪሞቅ መጠበቅ እንጂ ሌንሱን በከሰል በጠቆረ እጅጌ መጥረግ አይገባም። ውሃ የሚረጭበት ቦታ ላይ እርጥብ ገጽ ትነቱ ስለሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ ይሸፈናል። ወፍራም ብናኝና ጭጋግ በርቀት ሙቀቱን ያሳንሰዋል። በመስታወትና በወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ምንም አይታይም፤ የሚታየው የመስታወቱ ወይም የፕላስቲኩ የራሱ ሙቀት ነው። በሴኮንድ 9 ሥዕል ብቻ የሚያነሳ ርካሽ ካሜራ እየሄዱ ለመፈተሽ አይመችም፣ ሥዕሉ እየተጎተተ ትንሹ ትኩስ ነጥብ ይደበዝዛል።

የስልክ ላይ ካሜራ ይዞ መግባት ይቻላል?

ሚቴን (ከከሰል የሚወጣ ተቀጣጣይ ጋዝ) ሊኖር በሚችልበት ክፍል፣ አይቻልም። ተራ ካሜራ፣ ተራ ስልክና ባትሪያቸው ጋዝ ሊያቀጣጥል የሚችል ብልጭታ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ለከሰል ማዕድን ተፈትኖ የተረጋገጠ፣ ማረጋገጫው በራሱ በመሣሪያው ላይ የተጻፈበት ካሜራ ብቻ ይገባል። ማረጋገጫ የሌለው ካሜራ በአንዳንድ ማዕድን በንጹሕ አየር መግቢያ በኩል በኃላፊ ፈቃድ፣ ጋዝ መለኪያ ከጎን ተይዞ ይሠራበታል። አሜሪካ ውስጥ ሚቴን 1 በመቶ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ እዚህ ደረጃ ላይ ሥዕል የማንሳት ጉዳይ የለም። ባትሪ መቀየርም ሆነ መሙላት ላይ ላዩን፣ ከጉድጓዱ ውጭ ይሁን።

በኤሌክትሪክ ላይስ እንዴት ነው?

ይህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ክዳን መክፈትም የእሱ ብቻ ነው። መርሁ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። ሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) ተመሳሳይ ጭነት ይዘው አንዱ ማያያዣ ከሌሎቹ ከ15 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከባድ ብልሽት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የላላ ቡሎን ወይም የዛገ መገናኛ። ጭነቱ ቢያንስ 40 በመቶ ሳይሆን መለካት ዋጋ የለውም። ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ጅረቱ ካሬ ስለሚጨምር በግማሽ ጭነት 8 ዲግሪ ያሳየ መገናኛ በሙሉ ጭነት 30 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል።

በማዕድን ውስጥ አንድ ለየት ያለ ቦታ የተንቀሳቃሽ ማሽን ገመድ ነው። ብዙ ዙር ከበሮው ላይ ተጠቅልሎ የቀረ ገመድ የውስጥ ዙሮቹ አየር አያገኙም፣ ከውጭ ሲታይ ለብ ያለ ሆኖ ውስጡ ሽፋኑን ሊያቀልጥ ይችላል። ካሜራው የሚያየው የላዩን ዙር ብቻ ነው።

በናፍጣ ማሽኖች ላይ?

ተርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) እና የጭስ መውጫው ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ልብስ የተቀደደበት ቦታ በካሜራ ወዲያው ይታያል። አጠገቡ የሚያልፍ የሃይድሮሊክ ወይም የነዳጅ ቱቦ ካለ ጥገናው ለነገ አይባልም፤ የፈነዳ ቱቦ የሚረጨው ደቃቅ ዘይት ትኩሱን ብረት ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ከአራቱ ጎማ አንዱ ብቻ ከሞቀ ፍሬኑ አልለቀቀም።

በራሱ የሚሞቀውን ከሰል ካሜራው ያገኘዋል?

አንዳንዴ ብቻ፤ እዚህ ላይ በካሜራ መተማመን አደገኛ ነው። ከሰል ኦክስጅን እየያዘ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም እጅግ ደካማ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ የሚግም ቦታ በገጹ ላይ ላይታይ ይችላል። የፈረሰውና የተዘጋው ክፍል ውስጥ ደግሞ ካሜራ አይገባም። ካሜራው የሚጠቅመው ጣሪያውን እንዲደግፉ በተተዉ የከሰል ምሰሶዎች ስንጥቅ፣ በመዝጊያ ግድግዳዎች ዙሪያና በፈሰሰ ክምር ላይ ነው፤ ከስንጥቁ የሚወጣ ሞቃት አየር ዳር ዳሩን ያሞቀዋል።

ዋናው መሣሪያ ጋዝ ነው። በብዛት የሚሠራበት የግራሃም ንጽጽር የተፈጠረውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ለጎደለው ኦክስጅን አካፍሎ በ100 ያበዛል። ለምሳሌ 50 ፒፒኤም፣ ማለትም 0.005 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኝቶ ኦክስጅን በ0.5 በመቶ ቢጎድል ውጤቱ 1 ነው። ከ0.4 በታች የተለመደ ነው፣ 1 ማሞቅ መጀመሩን ያሳያል፣ 2 ከባድ ነው፣ ከ3 በላይ እሳት ነው። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በየቀኑ እየወጣ መሄዱ ይበልጥ ይናገራል። በአውስትራሊያ ሞራ ቁጥር 2 ማዕድን ነሐሴ 7 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. 11 ሰው የገደለው ፍንዳታ መነሻው እንዲህ በራሱ የሞቀ ከሰል ነበር፣ ያውም ከተዘጋ ክፍል ውስጥ።

ቋሚ ካሜራ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚያዝ?

ቋሚው ለማንቀሳቀሻው፣ ለመገልበጫ ቦታና ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ተገቢ ነው፤ ሌንሱን በአየር የሚያጸዳ ነገር ካልተገጠመለት ግን ብናኝ ቶሎ ይሸፍነዋል፣ የተሸፈነ ሌንስም «ሁሉ ደህና» ይላል። ለቀበቶው ርዝመት ግን ቋሚ ካሜራ መደርደር አያዋጣም። እዚያ በቀበቶው አካል ላይ የሚዘረጋ ሙቀት የሚለካ የፋይበር ገመድ አለ፤ ኪሎ ሜትሮችን በሜትር በሜትር ያነባል። እሱም ቢሆን የአየሩን እንጂ የኩሽኔታውን ሙቀት በቀጥታ አያነብም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎቹ እነዚህ ሁሉ ቢኖሩም አይነሱም፤ በአሜሪካ ደንብ ከተለመደው አየር 5 ፒፒኤም ሲበልጥ ማስጠንቀቂያ፣ 10 ሲበልጥ አደጋ ያሰማሉ።

ከሰል በሌለበት ማዕድን ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

አለቱ ባይቃጠልም ቀበቶው፣ ገመዱ፣ ናፍጣው፣ እንጨቱና የግድግዳ ሽፋኑ ይቃጠላሉ። በደቡብ አፍሪካ ኪንሮስ የወርቅ ማዕድን መስከረም 16 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. 177 ሰው የሞተው በብየዳ ሥራ ላይ የተነሣ እሳት የፖሊዩሬቴን አረፋ ሽፋን ይዞ መርዛማ ጭስ በማውጣቱ ነው። ከብየዳ በኋላ ቦታውን በካሜራ ማየት፣ በኋላም ከሠላሳ ደቂቃና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ለየትኛውም ማዕድን ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ያዩ አካባቢው ከሰል ያለ ገና ያልበሰለ ከሰል የሚያከማች ፋብሪካም እንዲህ ያለው ከሰል በራሱ ለመሞቅ ቀላል ስለሆነ፣ ከላይ የተባለውን የክምር ነገር ይመለከተዋል፤ ለእሱ ከካሜራው ጋር ወደ ክምሩ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

ትኩስ ሮለር ሲገኝ በትክክል ምን ይደረጋል?

ቁጥሩና ቦታው ለመቆጣጠሪያ ክፍል ይነገራል፣ አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ እዚያው ይቆያል። ቀበቶው ቆሞ ኤሌክትሪኩ ይቆለፋል፣ የቁልፉ ባለቤት የሚሠራው ሰው ራሱ ነው። ሥሩ ያለው ደቃቅ ከሰል በውሃ ርሶ ይወገዳል። ከዚያ ሮለሩ ይፈታል።

የተፈታውን ትኩስ ሮለር ከቀበቶው ጎን ወለሉ ላይ መጣል በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው። ወለሉ ላይ ደቃቅ ከሰል አለ፤ እሳቱ ከቀበቶው ወርዶ እዚያ ይቀጥላል። ሮለሩ በውሃ ቀዝቅዞ፣ የኖራ ድንጋይ ብናኝ የተረጨበት ንጹሕ ቦታ ይቀመጣል፣ በኋላም ወደ ላይ ይወጣል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ቦታው በካሜራ ታይቶ ሥዕሉ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ ይቀመጣል። ቀበቶው ከተነሣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይታያል፤ አዲሱ ሮለር ቢሞቅ ጥፋቱ የሮለሩ ሳይሆን የቀበቶው መስመር መሳት ወይም የመቀመጫው መጣመም ነው፣ እሱ ሳይስተካከል የሚገባው ሦስተኛው ሮለርም አይቆይም።